የፀሐይዋ ቀኝ ጠርዝ

ኦገስት 2፣ ዓርብ

የድሮው ደብተር አለቀ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ገጾች በጁላይ ጥሎኝ ስለሄደው ስለ ፑሶ ጽፌ ነው የጨረስኩት፤ ያን ያህል ወረቀት የሚገባው ሰው አልነበረም። ይሄኛው የፀሐይ ብቻ ይሆናል።

ጠዋት ቴሌስኮፑን ጓሮ ተከልኩ። የጎረቤቴ የማ ቴቦ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ፀሐይዋም እንደ ፈላ ገንፎ ትንተከተካለች። መድኃኒቱ ዙሪያውን መሬት ማርጠብ ነው። የልብስ እጣቢ በባልዲ ደፋሁ። ማ ቴቦ ወዲያው በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን በሚመጣበት አገር አፈር ታጠጫለሽ?"

"እጣቢ ነው፣ ማ ቴቦ።"

"እጣቢም ቢሆን ጎመን ያበቅላል። ደግሞ ይሄ ጥቁር ምንድነው? ማን ሞተብሽ?"

"ገና ማንም አልሞተም" አልኳት።

በፀሐይ ብርሃን የኮምፒውተሩ ስክሪን ስለማይታይ ጭንቅላቴንም ኮምፒውተሩንም በጥቁር ጨርቅ እሸፍናለሁ። እዚህ ማሃላፒ ከተማ ውስጥ ጥቁር ለብሳ የምትውል ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ ናት። ከአጥር ማዶ ለሚያየኝ ጓሮዋ ውስጥ አጎንብሳ የምታለቅስ መበለት ነው የምመስለው። ያውሩ። ጨርቁ ወፍራም ነው፣ ጥሩ ሱፍ፣ ብርሃን አያስገባም። ከየት እንዳመጣሁት እህቴ ሴጋሜትሲ ብቻ ታውቃለች፤ እሷም ዝም ብላለች።

ኦገስት 6

ራ ሞትላባኔ ልብስ መስፊያ ሱቄ መጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ምልክት ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ሲናገሩ መንገዱ ነጻ መሆኑን አረጋግጠው ነው። ፀሐይን ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሱሪ ዚፕ ሊያስቀይሩ መጥተው ከፖስታ ውስጥ አንድ ቀይ ፎቶ ወደቀባቸው። ምንድነው አልኳቸው። ፀሐይ ናት አሉኝ። አላመንኩም። ሌላው መሣሪያ ነጭ ሳህን አድርጎ ነው የሚያሳያት። በሃይድሮጂን አልፋ ማጣሪያ ግን ከብርሃኗ ሁሉ አንዲት ቀጭን ቀይ ብቻ ታልፋለች፤ ያኔ ቆዳዋ ይታያል፤ ፀጉር ፀጉር የሚል፣ ጠርዙ ላይ ነበልባል የተንጠለጠለበት። ከዚያ ቀን በኋላ ልብስ እየሰፋሁ መስኮት መስኮት ማየት ሆነ ሥራዬ።

"አዲሱ ክርን እንዴት ነው?" አሉ። በጁላይ የገዛሁትን መስታወት ያለበትን እጥፍ ቧንቧ ማለታቸው ነው። ስፌት አንገቴን ስለጨረሰው ካሜራውን እሱ ላይ ሰክቼ ቁልቁል ነው የምሠራው።

"አንገቴን አዳነኝ።"

"ደግ። ስለ መስታወቱ ግን አንድ ነገር…"

"ራ ሞትላባኔ፣ የነጻነት በዓል ቀሚስ እስከ ጣሪያ ተከምሮብኛል" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ደበረኝ።

ፀሐይዋ ላይ ያለው ትልቁ ጥቁር ነጥብ ከሐሙስ ወዲህ ከቀኝ ወደ ግራ እየሄደ ነው። ድሮ ከግራ ወደ ቀኝ ይመስለኝ ነበር። ተምታቶብኝ ይሆናል። ዘንድሮ ያልተምታታብኝ ምን አለ።

ኦገስት 12፣ ሰኞ



ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። በግራ ጠርዝ። አየሁት። ያዝኩት!

ማታ። አሁን በሥርዓት ልጻፈው። ዛሬ ጓሮ ለመውጣት ሐሳቡም አልነበረኝም። የስፌት መኪናው ላይ ሆኜ እጅጌ እየገጠምኩ ስልኬ ጮኸ። ፑሶ ነው ብዬ አላየሁትም። እንደገና ጮኸ። እንደገና። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ ቀበርኩት። ቀጥሎ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሴጋሜትሲ አነሳችና "እህትዬ፣ ስልክ፤ ቶሎ በይ…" አለች።

"የለችም በይው!" ብዬ ጮህኩባትና ድምፁ በስልኩ ውስጥ እንኳን እንዳይሰማኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እጄ ሥራ ስላጣ ቴሌስኮፑን ተከልኩ። በንዴት ነው የወጣሁት። ባልናደድ ኖሮ አላየውም ነበር።

ከጠርዟ ላይ እሳት ተነቅሎ ይወጣል። ቀስ ብሎ አይደለም፣ ዓይኔ እያየ። አናቱ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ግንዱ እንደተጠመዘዘ ፎጣ ነው። አሥር መሬት ብትደራረብ እዚያ ቁመት ላይ አትደርስም። አምስት ቪዲዮ ቀዳሁ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሺህ ምስል። ሦስት ሰዓት ከአርባ አራት ላይ ተበትኖ ጠፋ።

ጨርቁ ሥር ሆኜ ጮህኩ። ማ ቴቦ "ይኸው፣ ለቅሶው ጀመራት" ስትል ሰማኋት። እንኳን ለቅሶ! ይሄን ነገር በዓለም ላይ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የኔ የሆነ አንድ ነገር። ማንም ተነስቶ ይዞብኝ ሊሄድ የማይችል።

ስልኩን ከሳጥኑ አወጣሁትና የተደወለልኝን ዝርዝር ሳላይ ጠራረግኩት።

ኦገስት 17፣ ቅዳሜ

ከቪዲዮዎቹ ምርጥ ምርጡን ምስል አደራርቤ፣ አጥርቼ፣ ቀለም ሰጥቼ አምስት ቀን ፈጀሁ። የሰማይ ተመልካቾች ክበባችን የካላንደር ፎቶ ማስረከቢያ ሐሙስ አልፏል፤ ቢያልፍስ። ለራ ሞትላባኔ ወሰድኩላቸው። እየሳቅሁ ነው የገባሁት፣ "እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፣ እኔ ብቻ!" እያልኩ።

መነጽራቸውን ለውጠው ረጅም ጊዜ አዩት። በጣም ረጅም።

"ምሥራቅሽ በየት በኩል ነው?" አሉኝ።

"ፀሐይ በምትወጣበት ነዋ!"

ፈገግ አሉ። "እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ፤ ሌላ ምንም። ፎቶው ያለበትን ፍላሽ እሳቸው ዘንድ ትቼው መጣሁ። ከሌላ ሰው ቢሆን ቅናት ነው እል ነበር።

ኦገስት 24

ሥራ። የባንዲራችን ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ። አሥራ ስድስት ቀሚስ ይቀራል። ነፋስ፣ አቧራ፣ ፀሐይ የለችም። ፑሶ መልእክት ልኳል፣ "ያ ሱፍ ልብሴ አለ ወይ?" ብሎ። ወር ሙሉ ጠፍቶ የሚጠይቀው ስለ ልብሱ ነው! አልመለስኩለትም።

ኦገስት 31፣ ቅዳሜ

ደሜ ፈልቷል። እጄ ብዕሩን ሊሰብረው ነው።

ቲቸር ሌሴጎ የክበባችን ሰብሳቢ ነው። ዛሬ የካላንደሩን ሽፋን አሳየን፦ "የፀሐይ ነበልባል። ፎቶ፦ ራ ሞትላባኔ።" የኔ ነበልባል! ሁለት ቦታ የተሰነጠቀው አናቱ፣ የተጠመዘዘው ግንዱ። በግራ የነበረው በቀኝ ሆኗል፤ ገልብጠውታል። ቀለሙን አጥቁረውታል። ራ ሞትላባኔ ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ተብሎ ስብሰባው ላይ አልነበሩም። አሟቸው!

ፎቶውን ከኔ ሌላ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ነው። በእጄ የሰጠሁት።

"እሳቸው" ማለት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

ሴፕቴምበር 1

ሁለቱንም ፎቶ በአንድ ልክ አሳትሜ፣ ጀርባና ጀርባ ገጥሜ የሱቁ መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው። ብርሃኑ ሲያልፍባቸው ጠርዝ በጠርዝ፣ ጥምዝ በጥምዝ ገጠሙ። የልብስ ሰፊ ዓይን አይሸወድም፤ ቀኝና ግራ እጅጌ የሚቆረጠው ከአንድ ወረቀት ነው፣ መገልበጥ ብቻ ነው። የሱ ነበልባል ግማሽ ጣት ያህል ከኔ ያጥራል። እንዳይታወቅበት አናቱን ጫን ብሎታል። ብልጥ ነኝ ብሏል።

ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ሱሪውን በነጻ ሳሳጥርለት!

ሴፕቴምበር 7፣ ቅዳሜ

አልኩት።

እንደ ሁልጊዜው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል፣ የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ተቀምጠናል። ስምንት ነን። እሱም፣ ሞትላባኔ፣ መጥቷል። ተነሳሁና ሁለቱን ወረቀት መስኮቱ ላይ ገጠምኳቸው።

"ኦናሌና፣ ቀስ በይ" አለ ቲቸር ሌሴጎ። "አንድ ፀሐይ ነው እኮ ያለን፤ ሁለት ሰው ቢያየውስ?"

"በዚያ ደቂቃ? ያንኑ ነበልባል? ገልብጦ?"

ያኔ እሱ አፉን ከፈተ። "ኦናሌና" አለ በዚያ ቀስታው፣ "ምሥራቅሽ በየት በኩል ነው?"

በሁሉም ፊት ሊቀልድብኝ! እንደ ተማሪ ሊጠይቀኝ! "አንተ ሌባ ነህ" አልኩት። አንተ አልኩት። ሌባ አልኩት።

ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፣ ባርኔጣውን አደረገ። "ሽፋኑን ለሷ ስጧት" አለና ወጣ።

ሌባ ባይሆን ይከራከር ነበር። ንጹሕ ሰው ይጮኻል። ፑሶም ጥሎኝ ሲወጣ በር ላይ ስይዘው ዝም ነበር ያለው።

ሴፕቴምበር 11

ሴጋሜትሲ፦ "እህትዬ፣ ያ ፎቶ የተነሳው መቼ ነበር? ያን ሰኞ ከሆነ እኮ…"

"እጅጌውን ቁረጪ" አልኳት።

ቆረጠች።

ሴፕቴምበር 16

ባቡር ማቋረጫው ላይ አየሁት። አላየሁም ብዬ ወደ ጭነት ባቡሩ ዞርኩ። እሱ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ፉርጎዎቹ አልፈው እስኪያልቁ አንስቶ ቆየ። ባርኔጣውን ማንሳቱ ከስድብ በላይ አናደደኝ።

ከክበቡ ለቋል አሉ። ቲቸር ሌሴጎ ሽፋኑ ላይ የኔን ስም ለማስገባት ትክክለኛውን አጻጻፍ ላኪልኝ ብሏል። አልላክሁም። ለምን እንዳልላክሁ አላውቅም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጨርቁ ሥር ሆኜ ማ ቴቦ ለሌላ ሴት ስታወራ ሰማሁ። "ሽማግሌ ላይ ጮኸች አሉ። መጮህ የሚገባት ሰውዬ ላይ ስላልጮኸች።" ስለ ምን እንደሚያወሩ አይገባኝም። ጭንቅላቴን ሳላወጣ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ፀሐይዋ ላይ ምንም አልነበረም።

ሴፕቴምበር 24፣ ማክሰኞ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ሰው ላይ አሳብበዋለሁ።

ጠዋት ሴጋሜትሲ ጠረጴዛ እየወለወለች ከቴሌስኮፑ የነቀልኩትን ክርን አነሳች። ባዶውን። እንደ ሕፃን ዓይኗ ላይ አድርጋ ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየችበትና መሳቅ ጀመረች።

"እህትዬ፣ ስምሽን ገልብጦታል!"

ቀማኋት። አየሁበት። ግድግዳው ላይ የተጻፈው የሱቁ ስም፣ የኔው ስም፣ ከኋላ ወደ ፊት ነበር። ፊደሉ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኛል። በዚያ ማጣሪያ በኩል ከፀሐይ በቀር በምድር ላይ ያለ ምንም ነገር አይታይም፤ ፊደል አይታይ፣ ዛፍ አይታይ። ስለዚህ ከጁላይ ጀምሮ ግራዬ ቀኝ መሆኑን የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። ይቅርታ፣ ነበረ። ነጥቡ ወደ ኋላ ሲሄድ ነግሮኛል። አንድ ሰውም የፎቶሽ ምሥራቅ በየት በኩል ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።

የተገለበጠው የኔው ነበር።

"እና ቢሆንስ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ እዚህ ድረስም መከራከር አላቆምኩም። "የኔን ወስዶ አቃንቶት ይሆናል!"

ሴጋሜትሲ መቀሱን አስቀመጠች። "ኦናሌና" አለችኝ፤ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። "ያን ሰኞ የደወለው ፑሶ አልነበረም። ራ ሞትላባኔ ናቸው። 'ኦናሌናን ቶሎ ወደ ውጭ አውጪልኝ፣ ጠርዙ ላይ የሚነሳ ነገር አለ፣ በስልኳ ሦስቴ ደወልኩ' አሉኝ። የለችም በይው አልሽኝ። የለችም አልኳቸው።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም!"

"ያን ቀን ፎቶ ማንሳትሽን እንጂ እሳቸውም ማንሳታቸውን በምን አውቄ? ጸቡን ስሰማ ልነግርሽ ጀመርኩ። ከጁላይ ወዲህ አንድ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አስጨርሰሽ ታውቂያለሽ?"

የሱ ነበልባል ግማሽ ጣት ያጠረው አናቱን ስለተጫነው አይደለም። ቀድሞኝ ስላነሳው ነው፣ ገና እየወጣ ሳለ። ከዚያ ካሜራውን ትቶ ወደ ስልክ ሮጠ። ሮጡ። በዚያ ጉልበታቸው።

ሴፕቴምበር 25

ሄድኩ። በራቸው ላይ "ኮ ኮ!" ብዬ ተጣራሁ። ሚስታቸው ወንበር አወጡልኝ፤ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ። ሻይ አልመጣም። በዚህ አገር ሻይ ያልመጣለት እንግዳ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

እሳቸው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ መጀመሪያ ያልኩት ይሄን ነው።

"ስደውል የለችም ተባልኩ። ስትመጪ ደግሞ እየሳቅሽ መጣሽ፤ ከጁላይ ወዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። 'እኔ ብቻ' አልሽኝ። ምን ልበልሽ? 'እኔም' ልበል? የኔን ለሌሴጎ የሰጠሁት በዚያው ሰኞ ነበር። መልሼ ልወስደው አሰብኩ። ከዚያ ጉልበቴ ጣለኝ፣ እሱም አተመው።"

"ስብሰባው ላይስ?"

"ጠየቅሁሽ እኮ። ምሥራቅሽን ብትፈልጊው ሁሉንም ታገኚው ነበር። በልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ሌባ አይደለሁም ብዬ ልማል ነበር የፈለግሽው?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ራ ሞትላባኔ።"

"ሌባ ያልሽኝ እዚህ ግቢ ነው?"

"ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው" አልኩ።

"ስምንት ሰው ፊት ነው። እዚያው ሄደሽ አንሺው።" ተነስተው ገቡ።

መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ነው የተመለስኩት። በሽማግሌው ኩራት፣ በክርኑ፣ በሴጋሜትሲ፣ በባቡሩ። ቤት ስደርስ የሚቀር ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ።

ሴፕቴምበር 30

የነጻነት በዓል። ከተማው ሁሉ የሰፋሁትን ለብሶ ይጨፍራል። እኔ ቤት ነኝ።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

የልብስ መለኪያ ክፍሉን መስታወት ነቅለን እኔና ሴጋሜትሲ ግራና ቀኝ ይዘነው በዋናው መንገድ አለፍን። ማ ቴቦ፦ "ደግሞ የት ልትሸጪው ነው?" አለች። "ራሴን ላሳይበት ነው" አልኳት።

ቲቸር ሌሴጎ ለምኖ አምጥቷቸዋል። በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ።

ፎቶዬን ወደ መስታወቱ አዞርኩት። የሳቸውን ጎኑ ያዝኩ። መስታወቱ ውስጥ የኔ ነበልባል ወደ ቀኝ ዞረ፤ ከሳቸው ጋር አንድ አቅጣጫ። ያኔ ነው ሁሉም ያዩት፣ የሳቸው አጭር፣ የኔ ረጅም፤ አንዱ ነገር በሁለት የተለያየ ደቂቃ።

"የተገለበጠችው እኔ ነኝ" አልኩ። "ራ ሞትላባኔ ቀድመው አዩት። ብቻዬን አልይ ብለው አራት ጊዜ ደወሉልኝ። እኔ አላነሳሁም። ከዚያ እዚሁ ቆሜ ሌባ አልኳቸው። አንተ አልኳቸው። ሁለቱንም አንስቻለሁ። ሽፋኑ የሳቸው ነው።"

ያለቅሳሉ ወይም ያቅፉኛል ብዬ ጠብቄ እንደሆነ አላውቅም። ተነሱ። "ሰምቻለሁ" አሉ። "ንዴቴ ግን ገና አላለቀም። ሲያልቅ እደውላለሁ።"

መስታወቱን ተሸክመን ስንመለስ ሴጋሜትሲ "ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል?" አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። የኔ ንዴት ሦስት ወር ሆኖታል፣ ገና ነው።

ኦክቶበር 9

ስልክ። ሳላይ አነሳሁ።

"ራ ሞትላባኔ!"

"ኧረ ፑሶ ነኝ። ኦናሌና፣ ያን የሰፋሽልኝን ጥቁር ሱፍ ፈልጌው ነበር። ዲሴምበር ላይ ለ… ፕሮግራም አለኝ።"

"ፑሶ፣ ያንተ ሱፍ ኮቱም ሱሪውም ተተርትሮ የፀሐይ ማያዬ ሆኗል። ጭንቅላቴን የምከትበት እሱ ውስጥ ነው።"

"አብደሻል እንዴ!"

"አሥራ አራት ዓመቴን ይዘህ የሄድክ ሌባ ነህ። ይሄን ልነግርህ ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ በመሃል ለሌላ ሰው ሰጥቼው ነበር። አሁን ዝጋው፣ ስልክ የምጠብቀው ሰው አለ።"

ራሴ ዘጋሁት። ቃሉ ትክክለኛው ሰው ላይ አርፏል።

ኦክቶበር 14

ደመና። የመጀመሪያው ዝናብ እየመጣ ነው። ክርኑን ነቅዬ መሳቢያ ከተትኩት፤ አሁን አንገቴን ሰብሬ ቀጥ ብዬ ነው የማየው። ያመኛል። ይመመኝ። አልደወሉም።

ኦክቶበር 17፣ ሐሙስ

ሦስት ሰዓት ከአሥር። ከደመናው መሃል አንድ ክፍተት። ስልኩ የስፌት መኪናው ላይ፣ ከክሩ አጠገብ ነው፤ ሁለተኛ ሳይጮኽ አነሳሁት።

"በቀኝ ጠርዝ" አሉ ራ ሞትላባኔ። "በኔ ቀኝ።" ዘጉት።

ደህና አደርሽ እንኳን የለም! ተናደድኩ። ጨርቁን ይዤ ሮጥኩ።